ኳሱ ነጥሮ ሳይጨርስ



የጃፓን ሜዳ ቴኒስ ሲነሣ የብዙዎቻችሁ ሐሳብ ወደ ናኦሚ ኦሳካ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ኦሳካ ገና ሳትወለድ ግን አንዲት ጃፓናዊት የዓለም አራተኛ ሆና፣ ራኬቷንም ሰቅላ ነበር። ኪሚኮ ዳቴ ትባላለች። በዚህ ንግግር ዕድሜ ዋና ጉዳይ ስለሆነ፣ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ዳቴ በ1970 በኪዮቶ ተወለደች። ተፈጥሮዋ ግራኝ ነው፤ ራኬት የምትይዘው ግን በቀኝ እጇ ነበር። ቁመቷ 163 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በሰርቯም ማንንም አታስፈራም። ታዲያ በምን አሸነፈች? ብዙው ተጫዋች ኳሱ ነጥሮ ከፍ ካለ በኋላ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ ተመቻችቶ ይመታዋል። ዳቴ ግን ወደ ፊት ገብታ፣ ኳሱ ከመሬት እየተነሣ ሳለ፣ ራኬቷን ብዙም ሳትወዘውዝ ትመልሰዋለች። እንዲህ ሲመታ ባላጋራ ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ያጣል። ደግሞም በፍጥነት የመጣ ኳስ በፍጥነት ይመለሳልና፣ ጉልበቱን ከራስ ማውጣት አያስፈልግም፤ ዳቴ ከባላጋራዋ ትበደረዋለች። አደጋው እጅ በቅጽበት ከዘገየ ኳሱ መረብ ላይ መቅረቱ ነው። ይህ አመታት የዓይን ሥራ ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1988 ፕሮፌሽናል ሆነች። በ1994 በአውስትራሊያ፣ በ1995 በፈረንሳይ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበርም አራተኛ ሆነች። ከጃፓን ሴቶች ከአሥሩ ምርጦች ተርታ የገባች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። በኤፕሪል 1996 በቶኪዮ አሪያኬ ስታዲየም፣ በአገሮች ውድድር፣ ጀርመናዊቷን ሽቴፊ ግራፍን ገጠመች። የመጨረሻው ክፍል 12 ለ 10 እስኪደርስ ተዋግተው ዳቴ አሸነፈች፤ ጃፓንም ጀርመንን 3 ለ 2 ረታች።

ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ በዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ዳግም ተገናኙ። ግራፍ የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 2 ወሰደች፤ በሁለተኛውም 2 ለ 0 መራች። ከዚያ ዳቴ ስድስት ጌም በተከታታይ አሸነፈች፤ ግራፍ አንድም አላገኘችም። አንድ ለአንድ ሆኑ። መሸ። በዚያ ዘመን ዋናው ሜዳ ጣሪያም መብራትም አልነበረውምና ጨዋታው ለነገ ተባለ። በነጋታው ትኩስ ሆና የገባችው ግራፍ 6 ለ 3 ጨረሰች። ፀሐይዋ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ጥያቄ እስካሁን መተው አልቻልሁም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ በ26 ዓመቷ፣ ጨዋታ አቆመች። አልተጎዳችም፤ ከአሥሩ ምርጦች ተርታም አልወጣችም። ከከተማ ከተማ መንከራተቱና ከአገር መራቁ ሰልችቷት ነበር። በ2001 ጀርመናዊውን የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ሚሻኤል ክሩምን አገባች። በ2004 የለንደን ማራቶንን ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች ሮጠች። ይህን ያነሣሁት ራኬቱ ተሰቅሎም እግሮቹ ሥራ አልፈቱም ለማለት ነው።

በ2008 ጸደይ፣ በ37 ዓመቷ፣ ተመለሰች። በጃፓን ጊፉ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ውድድር፣ ከማጣሪያ ጀምራ በነጠላ ለፍጻሜ ደረሰች። በጥንድ ደግሞ ከኩሩሚ ናራ ጋር ዋንጫ አነሣች፤ ናራ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዳቴ መጀመሪያ ስታቆም ገና አራት ዓመቷ ነበር። በሴፕቴምበር 2009፣ 39 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ በሴኡል የነጠላ ዋንጫ ወሰደች። በዓመቱ በፈረንሳይ የቀድሞዋን የዓለም አንደኛ ዲናራ ሳፊናን በመጀመሪያው ዙር አስወጣች።

ብዙ ሰው ይህን የጤና ተአምር ያደርገዋል። እኔ አልስማማም። በጉልበት ያደረ ተጫዋች ጉልበቱ ሲከዳው ባዶ እጁን ይቀራል፤ የዳቴ ጉልበት ግን ዱሮም የብድር ነበር። ዓይኗ እስካለ ድረስ አበዳሪ አላጣችም፤ እንዲያውም በእርሷ ዘመን ከነበሩት ይልቅ አዲሶቹ ተጫዋቾች ጠንክረው ስለሚመቱ ብድሩ በዝቶላታል።

ለዚህ ማስረጃዬ ጁን 2011 ነው፤ ያው ዊምብልደን፣ ያው ዋናው ሜዳ። ዝናብ ነበር፤ አሁን ግን ጣሪያ ተሠርቶለታል፣ መብራትም በርቷል። ባላጋራዋ የአምስት ጊዜ አሸናፊዋ ቬነስ ዊልያምስ ናት። የ40 ዓመቷ ዳቴ በመጀመሪያው ክፍል 5 ለ 1 መርታ፣ ቬነስ ብትደርስባትም በመጨረሻ ወሰደችው። ሁለተኛው የቬነስ ሆነ። ሦስተኛውም ወደ ሦስት ሰዓት ከተጠጋ ጨዋታ በኋላ 8 ለ 6 አለቀ፤ ዳቴ ተሸነፈች። በዚህኛው ግን በጨለማ ማመካኘት አይቻልም፤ ሁለቱ የተለያዩት በቴኒስ ብቻ ነው።

ከዚያም በ42 ዓመቷ በአውስትራሊያ ናዲያ ፔትሮቫን 6 ለ 2 እና 6 ለ 0 አሸነፈች፤ በ2014 በአሜሪካ በጥንድ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ቀድሞ የከዳት ዓይኗ ሳይሆን ጉልበቷ ነው፤ ቃል በቃል፣ የእግሯ ጉልበት። በ2016 ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ ወደ ሜዳ ብትመለስም እንደ ዱሮው አልሆነላትም። በሴፕቴምበር 2017፣ 47 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ በቶኪዮ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወተች። ሰርቢያዊቷ አሌክሳንድራ ክሩኒች 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት። አንድም ጌም ሳታገኝ፣ በአገሯ ሕዝብ ፊት፣ ከሜዳ ወጣች።