አምፕሊፋየሩን አዙራችሁ እዩት

ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ለዕረፍት የምትሄዱበት ቤት ያላችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ቤት ለበዓል ስትሰበሰቡ ሙዚቃ ይኑር ብላችሁ ያሰባችሁ፣ ለአዲስ መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ባታወጡ እመርጣለሁ። አልፎ አልፎ ለሚከፈት ቤት በደንብ የተሠራ ያገለገለ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ይበቃል። ያማሃ፣ ፓዮኒር፣ ቴክኒክስ፣ ዴኖን፣ ኬንውድ የሚል ስም ያለባቸው የ30 እና የ40 ዓመት ዕቃዎች ዛሬም አምረው ይጫወታሉ። ሰው ሲገዛ ግን ፊቱን፣ መብራቱንና ስሙን ያያል። እናንተ መጀመሪያ አዙሩትና ጀርባውን አንብቡ።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚወጣበት አጠገብ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ተጽፏል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 220፣ 230 ወይም 240 ካለ በዚህ በኩል ችግር የለም። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣው ግን ብዙውን ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት። እነዚህን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ብትሰኩ፣ ዕድል ከቀናችሁ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። ካልቀናችሁ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይሄዳል፤ እሱን ማስቀየር አምፕሊፋየሩን ከገዛችሁበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ማውረጃ ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ማውረጃ የሚሰጠው 110 ቮልት ነው፤ የጃፓኑ ዕቃ የሚፈልገው 100 ብቻ ነው። መብራቱ ከፍ ባለ ሰዓት ልዩነቱ ይሰፋል። ሌላው፣ ማውረጃ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ይግላል፣ እምም የሚል ድምፅም ያሰማል። በዚህ በኩል የጃፓን ዕቃ ይሻላል፤ ቶኪዮ 50፣ ኦሳካ 60 ኸርዝ ስለሚጠቀሙ ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም ተስማምቶ የተሠራ ነው። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ጀርባው ላይ 110፣ 127፣ 220፣ 240 እያለ የሚዞር መምረጫ ያለውን ነው። ከመሰካታችሁ በፊት 220 ላይ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ የቀድሞው ባለቤት የት አገር ሲጠቀምበት እንደነበረ አታውቁምና።

የዋት ቁጥር ብዙ አያሳስባችሁ። ናድ 3020 የተባለው ታዋቂ አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ የተጻፈለት ኃይል በአንድ ቻናል 20 ዋት ብቻ ነበር፤ ዛሬም ፈላጊው ብዙ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ያህል። ለአንድ ሳሎን ከ20 እስከ 40 እውነተኛ ዋት ይበቃል። «1000 ዋት» የሚል ተለጣፊ ካያችሁ እለፉት።

ሻጩ ዘንድ ስትሞክሩት አትቸኩሉ። ስታበሩት፣ አብዛኞቹ ላይ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ከውስጥ «ቃ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስፒከሩን የሚያገናኘው ሪሌይ ነው። ደጋግሞ «ቃ ቃ» ካለ፣ መከላከያው ችግር አይቷል ማለት ነውና ተዉት። ከዚያ ስፒከር ሳይገጠምበት ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጉና የእያንዳንዱን ቻናል ቀይና ጥቁር የስፒከር መውጫ ለኩ። ከ50 በታች ከሆነ ደኅና ነው፤ 100 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ባለሙያ ሳያየው አትግዙ። ይህ ዲሲ ወደ ስፒከሩ ሲገባ የውስጡን ጥቅል ሽቦ ያሞቀዋል፣ ሲበዛ ያቃጥለዋል። መልቲሜትር ውድ ዕቃ አይደለም፤ ሻጩም ስትለኩ የሚቆጣበት ምክንያት የለም። ከተቆጣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ቮልዩሙን ስታዞሩ ኮሽ ኮሽ ማለቱ ብዙ አያስጨንቅ፤ ቆሻሻ ነው፣ በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይጸዳል። አንዱ ቻናል እየጠፋ የሚመጣ ከሆነ ግን ዋጋ አስቀንሱ። ክዳኑ ተከፍቶ ካያችሁት ደግሞ፣ ድምፁን የሚያጎላው በተለያዩ ትራንዚስተሮች ነው ወይስ ኤስ.ቲ.ኬ. በሚባል አንድ ትልቅ አይሲ? ብላችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ትራንዚስተር ተተኪ አያጣም። የኤስ.ቲ.ኬ. ትክክለኛው ግን እንደልብ አይገኝም፤ ተመሳስሎ የተሠራው ነው የበዛው። የቤት ሲኒማ ተብለው የሚሸጡትን አሮጌ ባለ አምስት ስፒከር ሪሲቨሮችም አልመክርም፤ ውስጣቸው ውስብስብ ነው፣ ሲበላሹ የሚጠግን ማግኘት ከባድ ነው።

ስልካችሁን በቀይና ነጭ ጃክ ገመድ ኦክስ፣ ሲዲ ወይም ቴፕ ፕሌይ ላይ ሰኩት። ፎኖ የሚለው ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ስልክ ብትሰኩበት ድምፁ ይበላሻል። ሳሎንም በረንዳም ስፒከር ማድረግ የምትፈልጉ፣ የስፒከሮቹን ኦም ተመልከቱ። ባለ 8 ኦም ሁለት ጥንዶች አንድ ላይ ሲሠሩ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 4 ኦም ነው፤ ብዙዎቹ ይችሉታል። ባለ 4 ኦም ሁለት ጥንዶች ግን 2 ኦም ይሆናሉ፤ በረንዳ ላይ እንግዳ ሞልቶ ድምፁ ከፍ ባለበት ሰዓት የሚቃጠለው እንዲህ ያለው ነው።

ቤቱን ዘግታችሁ ስትሄዱ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አምፕሊፋየሩንም ማውረጃውንም ከግድግዳ ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። በላስቲክ አትሸፍኑት፣ እርጥበት ይይዛል፤ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ስትመለሱ ጨርቁን አንሡ፤ ሳታበሩት ቁልፎቹን ሁሉ ወዲያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አዟዙሩ፤ ከዚያ አብርታችሁ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በዝግታ አጫውቱት።