የተማሪዎቹ ሰዓት በማን ሒሳብ ይያዝ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ለመስክ ልምምድ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ማኅበራችን ስለሚላኩት የሶሻል ዎርክ ተማሪዎች ነው። «የሒሳብ ክፍልን ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባናል። ከደጋፊዎቻችን አንዱ የወጪ ዝርዝራችንን አይተው «ለተማሪዎቹ ደመወዝ አይከፈል፤ ታዲያ ይህ ወጪ የምን ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ወደዚህ ጉባኤ ይዘነው መጣን። ተማሪዎቹ ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ ለንግግር እንዲመቸን «ተማሪዋ» እያልን እንቀጥላለን።

ነርስ በሆስፒታል፣ መምህርት በክፍል እንደምትለማመድ ሁሉ የሶሻል ዎርክ ተማሪም ከመመረቋ በፊት ሰው ወዳለበት ሄዳ መሥራት አለባት። ስለ ድህነት በመጽሐፍ ያነበበችው ልጅ እዚህ መጥታ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ካለባት እናት ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ነገር ግን ተማሪን መላክ ብቻውን ልምምድ አይሆንም። ልምምድ የሚያሰኘው ከጀርባዋ የሚቆም ሰው መኖሩ ነው። በእኛ በኩል አስተባባሪያችን አለች፣ በዩኒቨርሲቲው በኩል ደግሞ የተመደበ መምህር አለ። አስተባባሪያችን በሳምንት አንድ ጊዜ እያንዳንዷን ተማሪ ለብቻዋ ይዛ ትቀመጣለች። ሱፐርቪዥን የሚባለው ይህ ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» «ደኅና ነው» ተባብሎ መለያየት አይደለም። ተማሪዋ አንድ ቤት ሄዳ ስትመለስ የተነጋገሩትን እንዳስታወሰችው ቃል በቃል ትጽፋለች። እሷ ያለችውን፣ እናቲቱ የመለሰችላትን፣ በዚያን ሰዓት በልቧ የተሰማትንም ጭምር። አስተባባሪያችን ያንን ታነባለች፤ ከዚያም ይነጋገሩበታል።

አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ፤ ባለቤቷ ፈቅዳልናለች። ከቡድኖቻችን የአንዱ አባል የሆነች እናት ለተማሪዋ «ልጄ ትምህርቱን አቆመ» ትላታለች። ተማሪዋም «ለምን አትመክሪውም?» ብላ መለሰች። በጽሑፏ ላይ ይህን ካሰፈረች በኋላ ወዲያው ወደ ቁጠባ ጉዳይ አልፋለች። አስተባባሪያችን እዚህ ላይ አቆመቻትና «አትመክሪውም ወይ ስትያት ምን አደረገች?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ አሰብ አድርጋ «ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ ቡና ማጠብ ጀመረች» አለች። ያን ዕለት የቀረው ሰዓት ያለቀው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። እናቲቱ ጥያቄውን እንደ ወቀሳ ሰምታው ይሆን? በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዋ ተመልሳ ስትሄድ ምክር ትታ «ስንት ሰዓት ይነሣል? ማን ይቀሰቅሰዋል?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ገበያ ላይ ጭነት እንደሚያራግፍ፣ ክፍል ገብቶም እንቅልፍ እንደሚጥለው፣ የሚያገኘው ገንዘብም የእናቱን የብድር ተመላሽ እንደሚሸፍን የታወቀው ያኔ ነው። ብድሩ የእኛው ብድር ነው። የመመለሻው ጊዜ እንዲራዘምላት ቡድኗ ተስማማ። እኛ በሒሳብ ክፍል ሆነን ያንን መዝገብ ስናይ ያለማቋረጥ በሰዓቱ የሚከፈል መልካም ብድር ብለነው ነበር የምናልፈው። በምን ጉልበት እንደሚከፈል ደብተሩ አይናገርም።

እንግዲህ የተጠየቅነው ወጪ የዚያች አንድ ሰዓት ወጪ ነው። በግምት እናስላው። አራት ተማሪዎች ቢመጡ፣ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 1 ሰዓት ቢሰጥና ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ቢሆን 64 ሰዓት ነው። ጽሑፋቸውን ለማንበብ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስንጨምር ሌላ 32 ሰዓት ይመጣል። በድምሩ 96 ሰዓት፣ ማለትም 12 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። አስተባባሪያችን ያንን 12 ቀን ከየት ታመጣዋለች? ቡድኖችን ከምትጎበኝበት ቀን ላይ ትቀንሳለች፤ አለዚያም ማታ ቤቷ ትሠራዋለች። ይህ የማይጻፍ ከሆነ ሥራው በነፃ የተሠራ ይመስላል። በነፃ የተሠራ የሚመስል ሥራ ደግሞ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ሱፐርቪዥን ሲቀር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ተማሪዋ ቢሮ ተቀምጣ ደረሰኝ ትደረድራለች፣ የስብሰባ ወንበር ታስተካክላለች፣ ኮምፒውተር ላይ ስም ትመዘግባለች። እውነት ለመናገር የቫውቸር ፋይል የሚደረድርልን ሰው ብናገኝ የሚጠላ የለም! ግን ልጅቱ ለዚያ አልመጣችም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላው ነው፤ መካሪ የሌላት ተማሪ ብቻዋን ቤት ለቤት መላኳ። ያኔ የእናንተ ቤት መለማመጃ ብቻ ይሆናል።

ስለ ምስጢርም እንናገር። በየቡድኑ በየሳምንቱ የምትሰበሰቡት ተማምናችሁ ነው፤ ሌላ ዋስትና የለንም። አንዲት አባል ብድሯን ያልመለሰችው ባሏ ገንዘቡን ስለወሰደባት መሆኑን ለተማሪ ብትነግርና ነገሩ ሠፈር ውስጥ ቢሰማ፣ ያቺ ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ አትመጣም። ምስጢር ሲወጣ እኛ ቶሎ የምናየው በቁጠባ ደብተር ላይ ነው፤ በተከታታይ ባዶ መስመር ይታያል። ስለዚህ ማንኛዋም ተማሪ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የምስጢር ጠባቂነት ቃሏን በጽሑፍ እንድትፈርም፣ ስም ያለበት ማስታወሻም ከቢሮ እንዳይወጣና በሚቆለፍ ሣጥን እንዲቀመጥ በረቂቁ ላይ ሰፍሯል። ለዩኒቨርሲቲ የምታቀርበው ሪፖርት ስምም የቤት አድራሻም አይኖረውም። ከእናንተው የመጣ አንድ ነጥብም ተጨምሯል፤ ቡና ላይ የተነገረ ነገር ባለቤቷ «ጻፊው» ካላለች አይጻፍም። ተማሪዋ ቡና ትጠጣ፣ ትጫወት፤ ደብተሯን ግን ከቦርሳዋ አታውጣ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እሱም ስንብቱ ነው። ሴሚስተር ያልቃል፣ የሰው ችግር ግን ሴሚስተር የለውም። ከዚህ ቀደም የትምህርት ካላንደር ተቀይሮ አንዲት ተማሪ በሁለት ቀን ማስታወቂያ ተጠርታ ሄደች። ለልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ከእሷ ጋር ወረዳ ስትመላለስ የነበረች እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢሮ እየመጣች «ያቺ ልጅ መቼ ትመለሳለች?» ትለን ነበር። ወረቀቱ በኋላ ወጣ፣ አስተባባሪያችን ጨረሰችው። እናቲቱን የጎዳት ግን የወረቀቱ መዘግየት አልነበረም። ለሌላ ሰው ነግራው የማታውቀውን የነገረቻት ልጅ ሳትሰናበታት መሄዷ ነው። በዚህ ሙያ መለያየትም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ እንደ መጀመሪያው ትውውቅ ሁሉ ታስቦበት የሚሠራ። ተማሪዋ በገባችበት ቀን የምትሄድበትን ቀን መናገር አለባት። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት አዲስ ጉዳይ የማይከፈትባቸው፣ የተጀመረው ለአስተባባሪያችን የሚተላለፍባቸው ይሁኑ። የመጨረሻውን ጉብኝት ሁለቱ አብረው ይሂዱ። ዩኒቨርሲቲው ካላንደሩን ቢቀይርም ለዚህ ስንብት ቀን ትቶ እንዲለቃት ከመምህራኑ ጋር እየተነጋገርን ነው።

መካሪ ለምን ጠፋ ለሚለው ታሪኩንም ማየት ይጠቅማል። በአገራችን የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት መሠልጠን የነበረባቸው ሰዎች ዛሬ በየድርጅቱ ተቀምጠው ወጣቶቹን የሚመክሩ ትልልቆች ይሆኑ ነበር። ስለሌሉ የመስክ ተማሪን ይዞ የሚያስተምረው ብዙ ጊዜ በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው ነው። የእኛዋ አስተባባሪም በሙያዋ መምህርት ናት። ሰው ማዳመጥ ታውቅበታለች፣ ጠባያችሁንም አንድ በአንድ ታውቃለች፤ የሶሻል ዎርክን ንድፈ ሐሳብ ግን ከተመደበው መምህር ጋር ሆና ነው የምትሞላው። ስለዚህ መምህሩ በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤት ለመሙላት ብቻ ብቅ ማለቱ አይበቃንም።

አሜሪካ ያሉ ደጋፊዎቻችን ይህን ቶሎ ይረዱታል። እዚያ የሶሻል ዎርክ ትምህርት ዕውቅና እንዲያገኝ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400 ሰዓት፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠየቃል። ተማሪውን በመስክ የሚያሠለጥነው ሰው በሙያው ያልተመረቀ ከሆነ ክፍተቱን የመሙላት ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው። እኛ የምንለው የሰዓቱን ብዛት እንቅዳ ሳይሆን ይህችን ኃላፊነት ከዩኒቨርሲቲያችን ጋር በጽሑፍ እንያዝ ነው። መምህሩ በሴሚስተር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይምጣ፤ አንዱ ጉብኝት በመጀመሪያው ወር ይሁን።

ስለ ገንዘቡ ሁለት ነገር ብቻ እንበል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋሙ ደጋፊ ድርጅቶቻችን የአስተዳደር ወጪያቸው ከገቢያቸው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በዚህ ምክንያት «ክትትል» የሚል ቃል ሲያዩ አስተዳደር መስሏቸው ይጠነቀቃሉ፣ አንፈርድባቸውም። ግን አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው። አባሎቻችን ቤት ለምትገባ ተማሪ የሚሰጥ ምክር የአገልግሎቱ አካል እንጂ የቢሮ ወጪ አይደለም ብለን እናምናለን። ስለዚህ በፕሮጀክት ሰነዱ ላይ ከመጀመሪያው ስሙን ጠርተን «የመስክ ልምምድ ክትትል» ብለን በራሱ የበጀት መደብ እንያዘው፤ ሰዓቱም በየሳምንቱ በቅጽ ይፈረም። ኦዲተር ሲመጣም የምናሳየው አለን። ሁለተኛው የታክሲ ነው። ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳቸው ከፍለው ነው የሚመጡት። ምሳ ሳይበሉ ሲቀሩ ያያችሁ እናቶች ከድስታችሁ ማካፈላችሁን እናውቃለን፤ ይህ በየትኛውም መዝገብ አልገባም። የትራንስፖርት ድጋፍ በደረሰኝ ወይም በፊርማ እንዲሰጣቸው በረቂቁ ተካቷል፤ መጠኑን የሥራ አመራሩ ይወስን።

የምናቀርበው ሐሳብ በአንድ ሴሚስተር ከሁለት ተማሪ በላይ እንዳንቀበል ነው። ዩኒቨርሲቲው አራትና አምስት መላክ ይፈልጋል፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ የሚቀበል ድርጅት ጥቂት ነው፤ ይገባናል። ነገር ግን ሁለት ተማሪ በቅድሙ ስሌት 48 ሰዓት፣ ማለትም 6 የሥራ ቀን ነው። ይህን አስተባባሪያችን ቡድኖቿን ሳትጎዳ ልትሸከመው ትችላለች። አራት ከሆኑ ሌላ ሰው መቅጠር አለብን፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የለንም። «ተማሪ በበዛ ቁጥር ጥቅሙ ይበዛል» ያላችሁን እህቶች አክብረን እንሰማችኋለን፤ የጤና መድን ምዝገባውንም ሆነ የወረዳውን ጉዳይ ተማሪዎቹ እንዳፋጠኑላችሁ አይካድም። እኛ ግን ቁጥሩን ደጋግመን ሠርተነው ከሁለት በላይ አላወጣንም።

ረቂቅ ስምምነቱ ለየቡድኑ ጸሐፊ ታድሏል። ፊደል ላልቆጠሩ እናቶች ጸሐፊዎቹ በዚህ ሳምንት ስብሰባ ላይ ያነቡላቸዋል። ቤቷ ተማሪ እንዳይመጣባት የምትፈልግ አባል ለጸሐፊዋ ብትነግር በቂ ነው፤ ምክንያት አትጠየቅም፣ ብድሯም ቁጠባዋም በዚህ አይነካም። ወንድ ተማሪ ሲመደብም ብቻውን ቤት እንደማይሄድ ተጽፏል። የቡድኖቹ ድምፅ እስከ ወሩ መጨረሻ ከደረሰን ለዩኒቨርሲቲው መልስ የምንሰጠው ተማሪዎቹ ከመመደባቸው በፊት ይሆናል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ሙያው የሆነውን አስተባባሪያችን፣ ስለ ገንዘቡ የሆነውን እኛ እንመልሳለን።