በወር ነው በዓመት?



ሐኪም ስለ ገንዘብ ለማውራት ምን አገባት እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ተቋረጠ። 2013 በገባ በጥቂት ሳምንት አንድ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ፣ ብየዳ የሚማር ልጅ፣ ሳል ይዞት እኔ ጋ መጣ። ናሙና ሰጠና “ውጤቱ እስኪታወቅ ከቤት እንዳትወጣ” አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ “ዶክተር፣ ካልሠራሁ ወለዱን ማን ይከፍልልኛል?” አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሲቋረጥ ሰፈሩ ውስጥ በርና መስኮት ልሥራ ብሎ ለማሽን መግዣ ከአንድ ሰው 10,000 ብር ተበደረ። ወለዱ “10 በመቶ” ተባለ። ባንክ ለቆጣቢ 7 በመቶ እንደሚከፍል ያውቃልና ብዙም አልከበደውም። የባንኩ 7 በመቶ ግን በዓመት ነው፤ የሰውየው 10 በመቶ በወር! በየወሩ 1,000 ብር እየሰጠ በስድስት ወር 6,000 ከፍሏል፤ ዋናው 10,000 ብር ግን እንዳለ ነው። በዓመት 120 በመቶ ማለት ነው። አራጣ ይሉታል ይሄንን።

በማግስቱ ስደውልለት የብየዳው ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል። ሥራ ላይ ነው። ደግነቱ ውጤቱ ነጻ ሆነ። ባይሆንስ ኖሮ?

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ብረት ሲለካ ሚሊ ሜትር አይስትም። ያላስተማርነው “በወር ነው በዓመት?” ብሎ መጠየቅን ነው። እኛ ማዘዣ ላይ “አንድ ፍሬ” ብለን አንተውም፤ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን ብለን እንጽፋለን። ብድርም እንደዚሁ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያን ቀን ወረቀት አውጥቼ ነው ያሰላሁት። ከቤት አትውጣ ስለውም ምን በልቶ እንደሚያድር አልጠየቅኩትም።

የሙያ ተማሪዎች ሲመረቁ ተደራጅተው ይበደራሉ፣ ዕቁብ ይገባሉ፣ ዋጋ ይተምናሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እያንዳንዳችን በምንኖርበት ከተማ ወዳለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደን ሁለት ሰዓት እንስጥ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ወለዱ በወር ነው በዓመት? የሚሰላው ከመጀመሪያው ብር ነው ከቀሪው? በመጨረሻ በድምሩ ስንት ከፍዬ እወጣለሁ? የሒሳብና የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ማስተማሪያውን ብታዘጋጁልን፣ እኔ ካለሁበት ከተማ እጀምራለሁ።