የመጣው ሲበዛ ማን ያተርፋል? ማን ይከፍላል?

(የሥራ አመራር ኮሚቴው በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ያቀረበው ንግግር)



በዛሬው አጀንዳ በሦስተኛ ተራ የተጻፈው «የአባልነት መመዘኛን ስለ ማሻሻል» ይላል። ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ባለፉት ወራት ግን በየቡድኑ ስብሰባም ሆነ በቡና ላይ ድምፃችን ከፍ ያለው በዚሁ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከወላይታ፣ ከኮንሶ ወይም ከጋሞ መጥታ በኪራይ ቤት የምትኖር፣ የጂንካ የነዋሪነት መታወቂያ የሌላት ሴት ከእኛ ጋር ትቆጥብ ወይስ አትቆጥብ? ኮሚቴው ትቆጥብ ይላል።

ምክንያታችንን ከማስረዳታችን በፊት የተቃወሙትን እህቶች ሐሳብ በቅንነት ማስቀመጥ ይገባናል። የቤት ኪራይ የናረው ሰው ስለበዛ ነው ይላሉ። የቀን ሥራ ሲወጣ ልጆቻችን ከመጣው ጋር ይሻማሉ፤ የመጣው በትንሽ ብር እሺ ይላል ይላሉ። በቆሎው ሳይቀር በገበያ ላይ ሳይውል ያልቃል ይላሉ። አንዲት እናታችን ደግሞ፣ «ብድሩን ወስዳ ጎህ ሳይቀድ በሚወጣው አውቶቡስ ብትሄድ የት ብለን እንፈልጋታለን?» ብለው ጠየቁ። እነዚህ የምቀኝነት ንግግሮች አይደሉም። ኪራይ የሚከፍል ሰው ንግግር ነው።

ጂንካ ሰው ሲመጣባት የኖረች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የአሪ ምድር ነው፤ ከተማው ውስጥ ግን አሪኛውም፣ አማርኛውም፣ ወላይትኛውም፣ ኮንስኛውም ይሰማል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሐመር፣ ከበና፣ ከሙርሲ የሚመጣው ይጨመርበታል። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ከ20,000 ጥቂት ያለፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትልልቅ ነገሮች መጡ። ጥር 2003 የአርብቶ አደሮች ቀን እዚሁ ጂንካ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሰፊ የመስኖና የስኳር ልማት እንደሚካሄድ ተናገሩ፤ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፕሮጀክትም ተጀመረ። በ2010 ደግሞ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ። ሥራ ባለበት ሰው ይመጣል። መምህሩም፣ ግንበኛውም፣ ሸንኮራ ቆራጩም፣ ለእነሱ ምግብ የምትሠራውም መጣች።

«መጤ» የሚለው ቃል በእኛ አካባቢ ለምን እንደሚከብድም እናውቃለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር ወደዚህ ሲገባ የመጣው ሰው መሬትና ገባር ተሰጥቶት ነበር። የአሪ ሽማግሌዎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን አልረሱም፤ ለመጣው ሰው ታርሷል፣ ተፈጭቷል፣ እንጨት ተሸክሞለታል። ያ ሰው ግን ጠመንጃ ይዞ ነው የመጣው። ዛሬ መናኸሪያ የምትወርደው ልጅ በእጇ የያዘችው ፌስታል ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለኛ አይታየንም። (እንዲያው ለነገሩ፣ እኛ ሴቶች ባል ቤት ስንገባ ሁላችንም መጤ ነበርን።)

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ነገር እናምጣ። እንደ ፈረንጆቹ በ1980 በጥቂት ወራት ውስጥ 125,000 ያህል ኩባውያን በጀልባ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ብዙዎቹ ማያሚ ከተማ ቀሩ፤ የከተማዋ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ በ7 በመቶ ያህል ጨመረ። በኋላ ኖቤል የተሸለመው የኢኮኖሚ ባለሙያ ዴቪድ ካርድ ጉዳዩን መረመረና የነባሩ ሠራተኛ ደመወዝ በዚህ ምክንያት እንዳልወረደ ጻፈ። የመጣ ሰው ሁለት እጅ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ሆድም አለው። ይበላል፣ ይለብሳል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፤ ለሌላው ሥራ ይፈጥራል። ጆርጅ ቦርሃስ የተባለ ሌላ ባለሙያ፣ እሱም ራሱ በልጅነቱ ከኩባ የተሰደደ፣ ያንኑ መዝገብ እንደገና አይቶ «ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ወንዶች ደመወዝማ ወድቋል» አለ። በዚህ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። ሦስተኛው አልበርት ሳይዝ ግን ከደመወዙ ይልቅ የቤት ኪራይን ተመለከተ። የማያሚ ኪራይ ከተመሳሳይ ከተሞች ይበልጥ ከ8 እስከ 11 በመቶ ጨምሮ አገኘው።

ኪራይ ሲሉን ጆሯችን ይቆማል፤ የእኛም ነገር እዚያው ላይ ነው። ሰው ሲመጣ ከተማው በጥቅሉ ያተርፋል። ትርፉ የሚገባበት እጅና ዕዳው የሚወጣበት እጅ ግን አንድ አይደለም። ከመካከላችን በጓሮዋ ሁለት ክፍል ሠርታ ለዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ያከራየች አለች። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ አለች፤ ቦርዴ የምትጠምቅ አለች፤ ለባጃጅ ሾፌሮች ምሳ የምታቀርብ አለች። የእነዚህ ደንበኛ ማነው? በአብዛኛው የመጣው ነው። ከገጠር ወርደው ምጣድና ድስት የሚሸጡት የአሪ ሸክላ ሠሪ እናቶችም ምጣዱን ለማን እንደሚሸጡ ጠይቋቸው፤ አዲስ ቤት የተከራየች፣ ዕቃ የሌላት ሴት ናት የምትገዛቸው። በሌላ በኩል ግን በኪራይ ቤት ልጆቿን የምታሳድገው አባላችን ከዚህ ሁሉ ያገኘችው የኪራይ ጭማሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅሬታዋ እውነት ነው። ኪራይ የጨመረባት ግን ያቺ ወላይታዋ ልጅ አይደለችም። ልጅቷም ያንኑ ኪራይ ትከፍላለች፤ የከተማውን ዋጋ ስለማታውቅ እንዲያውም አስበልጣ ነው የምትከፍለው።

ወደ ሳላማጎ ስንሄድ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናየው ይሻላል። ቦዲ፣ ሙርሲና ክዌጉ በኦሞ ዳር ሲኖሩ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 2009 ተመረቀ፤ ግድቡ ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። የስኳር ፕሮጀክቱ በመጀመሪያ ዕቅዱ 175,000 ሄክታር መሬት የሚሸፍን ነበር፤ በኋላ ቢቀነስም ከብት የሚግጥበትን ሜዳ ይዟል። ከዚያ በፊትም በ1990ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከኮንሶ የመጡ ቤተሰቦች በሳላማጎ ሰፍረዋል፤ ከቦዲ ጋር በመሬት የተነሣ ደም እስከ መፋሰስ የደረሰ ግጭትም ታይቷል።

እዚያ ማን አተረፈ? አገር ስኳርና መብራት አገኘች። መሬት ከጠበበበት ደጋ የመጣው ወጣት የቀን ክፍያ አገኘ፤ ወባውንና ሙቀቱን ችሎ የሠራው ስለሆነ በዚህ ማንም አይቅናበት። ክሊኒክና ትምህርት ቤትም ተሠርቷል፤ አንክድም። የማሽላ ማሳዋን ያጣችው የቦዲ እናት ግን ክሊኒኩን በጎተራዋ ውስጥ አትጨምረውም። የጂንካዋ ባለ ጓሮ ከመጣው ሰው ጋር ትነግዳለች፤ የቦዲዋ እናት የምትነግድበት ነገር ከእጇ ወጥቷል። ልዩነቱ ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የሰው መምጣት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ለማን ብለን ብንመልስለት ደስ ይለናል።

የአገራችን ሕገ መንግሥት ሁለቱንም አስቦበታል። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ አካባቢ የመኖርና የመዘዋወር ነፃነት አለው ይላል። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። ብዙ ጊዜ አንዱን የሚጠቅስ ሌላውን ይዘላል። እኛ ሁለቱንም በአንድ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ማስገባት እንችላለን ብለን አስበናል፤ ሐሳባችንን ከታች ታገኙታላችሁ።

በ2014 በአስተዳደር መዋቅር ጥያቄ ሰበብ በጂንካና በዙሪያዋ የሆነውን የምናስታውሰው ሁላችን ነን። ቤት ተቃጠለ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሸሸ። ዛሬ አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል፤ የደቡብ ኦሞ ዞንም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ከ12ቱ ዞኖች አንዱ ነው። የመዋቅሩ ጉዳይ መልስ አግኝቷል። በዚያ ሰሞን ግን አብረው እቁብ የሚጥሉ፣ አብረው የሚያበድሩና የሚበደሩ ሴቶች እርስ በርሳቸው ቤት ዕቃና ልጅ ይደብቁ ነበር። የማይተዋወቁት ግን መደበቂያ አልነበራቸውም። ይህን የምናነሣው ለማሳዘን አይደለም። የማናውቃት ሴት ከደጃችን ውጭ ስትቀር ኪራያችን አይቀንስም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ለእሷም ለእኛም መደበቂያ ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጆቻችን ቤይሩትና ሪያድ ናቸው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ብዙዎቹ የተባሉት «የመኖሪያ ወረቀት የላችሁም» ነው። የሰው ቤት ጠርገው፣ የሰው ልጅ አሳድገው፣ ወረቀት የላችሁም ተባሉ። እኛ ደግሞ የሰውን ልጅ እዚሁ ጂንካ ላይ መታወቂያ የለሽም ልንላት ነው። መታወቂያ ለማውጣት ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋታል፤ አከራይዋም መመስከር አለበት። ከባሏ ዱላ ሸሽታ የመጣች ሴት መሸኛውን ከየት ታመጣለች?

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ይህን ነው። መታወቂያ የሌላት ሴት ሁለት ነባር አባላት ካወቁኝ ካሉላት ትመዘገባለች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ትቆጥባለች እንጂ አትበደርም። ከዚያ በኋላም ለመጀመሪያ ዓመት የምትበደረው ከቆጠበችው አይበልጥም፤ አውቶቡሱን ለፈሩት እናታችን መልሳችን ይህ ነው፤ ብትሄድ የምትሄደው የራሷን ገንዘብ ይዛ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ የተከራይ አባሎቻችንን የሚመለከት ነው፦ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ የሚሆን አነስተኛ ብድር ከሌሎቹ ብድሮች በቀነሰ ወለድ ይጀመር። ሦስተኛው፣ ከአርብቶ አደሩ ወገን ለሚመጡ ሴቶች የመመዝገቢያ ክፍያ ይቅር፤ አንዱ ቡድን ስብሰባውን ቅዳሜ በገበያ ሰዓት ያድርግ፤ በሌላ ቀን ኑ ብንላቸው ያ ሁሉ መንገድ በእግር ነው።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በምትልኩልን ቅጽ ላይ «ተፈናቃይ» እና «ተቀባይ ማኅበረሰብ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሥራ ፍለጋ የመጣችው ሴት በሁለቱም ውስጥ የለችም። ሦስተኛ ሳጥን ጨምሩልን፤ ካልሆነም ሳጥኑን ተዉልንና የሴቶቹን ቁጥር ብቻ ጠይቁን።

ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶቻችን እንዲመች በሦስቱ ሐሳቦች ላይ ለየብቻ፣ በሦስት እንስራ ይሰጣል። የተስማማች ነጭ በቆሎ፣ ያልተስማማች ቀይ ቦሎቄ ትጣል። ቆጣሪዎቹ አንዷ ከተቃወሙት፣ አንዷ ከደገፉት፣ አንዷ ከእንግዶቻችን ይሁኑ ብለናል። እንስራዎቹ ባዶ መሆናቸውን አሁኑኑ መጥታችሁ ተመልከቱ።