ነዋሪ የቀነሰባት፣ ማኅበሯ ያልፈረሰባት ከተማ

ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁን ትምህርት ከትውልድ ቀያችሁ አርቋችኋል፤ ሥራም ይበልጥ ያርቃችሁ ይሆናል። ታዲያ ልጆቿ የሄዱባት ትንሽ ከተማ አበቃላት ማለት ነው? አይደለም ባይ ነኝ። ማስረጃዬ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ዛፍ በማይበዛበት የሣር ሜዳ ላይ ያለችው ኒቆዲሞስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1877 የቆረቆሯት፣ በአብዛኛው ከኬንታኪ የመጡ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ናቸው። ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት ስላልነበረ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። የእርሻ ከብት ያላቸው ጥቂት ስለነበሩ ብዙው ሰው ድንግሉን መሬት በእጅ መሣሪያ ነበር የሚገለብጠው። ይህን አይተው የተመለሱ አሉ፤ አይፈረድባቸውም። የቀሩት ግን ከእርሻው ጎን ለጎን ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቆሙ። ባርነት በሕግ ከቀረ 17 ዓመት ሳይዘልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ከነዋሪዎቿ አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ማኬብ የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ።

ኒቆዲሞስን የጎዳት የልጆቿ ስንፍና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1888 የባቡር ሐዲዱ ሳይነካት በሰለሞን ወንዝ ማዶ አለፈ፤ ነጋዴዎቿም ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ገበሬውን አፈናቀለ፤ በ1953 ፖስታ ቤቷ ተዘጋ። ዛሬ በቋሚነት የሚኖርባት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ አካባቢ የመሥራቾቹ ዘሮች ከየግዛቱ ተጠራርተው የነፃነት በዓላቸውን እዚያው ያከብራሉ። ታሪኳ እንዲጠበቅ በመወትወታቸውም እ.ኤ.አ. በ1996 የፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ አድርጎ መዘገባት።

በዓመት አንዴ የሚደረግ ድግስ ሱቅ አይከፍት፣ ትምህርት ቤት አይመልስ የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። መንገድና ገበያ የተነፈገ ከተማ በናፍቆት ብቻ አይለማም፤ ሐዲዱ ቢያልፍባት ኖሮ ዕጣዋ ሌላ በሆነ ነበር። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ ከተማዋን ከመረሳት ያዳናት በዓሉ ራሱ ሳይሆን በዓሉን የሚያዘጋጅ፣ የሚያዋጣና የሚከራከር የተደራጀ ሰው መኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር ባይኖር መንግሥት ማንን ይሰማ ነበር? ወጣቱን በትውልድ ቦታው ማሰር ተገቢ አይደለም የሚሉም አሉ፤ እስማማለሁ። ከኒቆዲሞስ ልጆች አብዛኞቹ የሚኖሩት ሌላ ቦታ ነው፤ መራቃቸው ግን ከአባልነት አላወጣቸውም። የእኛስ እድር ርቆ የሄደ ልጁን መዋጮ የሚቀበል አይደለም?

ስለዚህ ተመራቂዎች፣ የትም ሂዱ፤ ደመወዝ በተቀበላችሁበት በመጀመሪያው ወር ግን የትውልድ ቦታችሁን እድር ወይም የልማት ማኅበር ፈልጋችሁ ተመዝገቡ። ማኅበር ከሌለ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ከአገራችሁ ልጆች ጋር ስልክ ተለዋወጡና መሥርቱ።