የዘብ ውሻችን ምን ይብላ?

በዊንጌት አካባቢ ለሚኖሩ ውሻ አሳዳጊዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሻ ምግብ ነው። «ለሰው መች ተረፈና ለውሻ!» የሚል አይጠፋም። ኑሮው ከባድ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ውሻ የምናኖረው ለጌጥ አይደለም። ውሻ ሠራተኛ ነው። አዳኝ ውሻ ካለጌታው ትእዛዝ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል። እኛ ዊንጌቶች አዳኝ ውሻ የለንም፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው። የእኛ ውሻ ሥራው የሌሊት ዘብ ነው። እንጦጦ ራስጌያችን ነው፤ ሲመሽ ጅቡ ከጫካው ይወርዳል። ግቢው ውስጥ በግ ያሰረ ሰው እንቅልፉን የሚተኛው ውሻውን ተማምኖ ነው። ውሻው ግን እስኪነጋ አጥር ለአጥር ሲሮጥ፣ ሲጮኽ፣ ብርዱንም ሲታገል ያድራል። ስለዚህ የአዳኝ ውሻ የአመጋገብ ደንብ ለእኛም ውሻ ይሠራል ማለት ነው።

ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል የሚለካው በኪሎ ካሎሪ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ብዙ ሳይሠራ በቀን 1,200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃዋል። ሥራ ሲበዛበት ግን የዚህን አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ይፈልጋል። በሰሜን ዋልታ አገሮች በበረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች በቀን እስከ 10,000 ይደርሳሉ።

ታዲያ ይህ ኃይል ከየት ይምጣ? ረዥም ሰዓት የሚሠራ ውሻ ዋና ማገዶው ስብ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም የእህል ስታርች ግን 4 ብቻ ይሰጣል። እንጀራ ደግሞ ከግማሹ በላይ ውሃ ነው። ውሻው አንድ ሳህን ፍርፋሪ በልቶ ሆዱ ቢነፋም ጎኑ የሚከሳው ለዚህ ነው። እህል ለውሻ አይሆንም ማለታችን ግን አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር፣ ከዘመዱ ከተኩላ ይልቅ እህል የመፍጨት ችሎታ አግኝቷል። እህሉ ይሰጠው፤ ብቻውን ግን አይሁን።

ለ20 ኪሎ የዘብ ውሻ አንድ ምሳሌ እንስጥ። 200 ግራም ደረቅ ቅንጬ፣ ግማሽ ኪሎ የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጨጓራ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ያህል የቀለጠ ሞራ። አብሮ ሲበስል 1,800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ይህ መነሻ ነው። ሚዛኑ የራሳችን እጅ ነው፤ ጎኑን ስንዳብሰው የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ሊዳሰስ ይገባዋል፣ ከሩቅ ግን ተቆጥሮ መታየት የለበትም። ሞራ ያልለመደ ውሻ በአንድ ጊዜ ቢሰጠው ያስቀምጠዋል፤ በአንድ ማንኪያ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ከፍ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ወጥ። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ይህን ስንል የሚስቅ አለ፤ «ስንት ዘመን ሲበላ የኖረውን!» ይለናል። አዎን፣ በልቶ ወዲያው አይወድቅም። ሽንኩርት የሚጎዳው ደሙን ነው። ቀይ የደም ሕዋሳቱ እየተሰባበሩ ያልቃሉ፤ ውሻው ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ትንሽ ሮጦ ያለከልካል። ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ግራም፣ ማለትም አንድ ጎበዝ ያለ ራስ ሽንኩርት፣ ሊጎዳው ይችላል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢበላም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ማብሰልም ሆነ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም። ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ሆነ» የምንለው ውሻ ስንፍና ሳይሆን የደም ማነስ ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጥ ያልነካውን እንጀራ እንስጠው። ምስሩም ቢሆን ቁሌት ላይ ሳይጨመር በፊት የውሻው ድርሻ ቢቀነስለት ምን ይከብዳል? በርበሬና ጨውም ለእሱ አይጠቅሙትም። ቅመም የገባበት ቅቤ ሽንኩርት ስላለበት ከሞራ ጋር አይቆጠርም።

ሁለተኛው ችግር ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ባለቤቱ ሲጾም ውሻውም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል! ከቤት የሚወጣው ትርፍራፊ ሥጋም ስብም የለበትም፤ ያለው የሽሮ እንጥፍጣፊ ነው፣ እሱም ሽንኩርት ነው። ጅቡስ? በ2012 እ.ኤ.አ. በትግራይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በጾሙ ጊዜ የእርድ ትርፍራፊ ሲጠፋ፣ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞሩ፤ በኩሳቸው ውስጥ የአህያ ጠጉር የተገኘበት መጠን ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከእንጦጦ ጅብ የተለየ ጠባይ መጠበቅ ያስቸግራል። እንግዲህ አስቡት፤ የውሻው ሳህን በሚሳሳበት ወራት ጅቡ ይበልጥ ይደፍራል። ዘቡን አስርበን ጦርነት ላክነው ማለት ነው።

መፍትሔው ከቅበላ በፊት ይጀምራል። ሞራ አቅልጦ በቆርቆሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ዶሮ ያለው ቤት ደግሞ ዶሮዋ በጾም መጣልዋን አታቋርጥም። 200 ግራም ቅንጬ፣ 200 ግራም ምስር ወይም ክክ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ሞራ ቢቀላቀል ለአንድ ቀን ይበቃዋል። ክኩ እስኪፈርስ ይብሰል። ጾመኛ እናቶች የቤቱ ድስት በሞራ እንዳይነካ ይፈልጋሉ፤ ትክክል ናቸው። ለውሻው የራሱ ድስትና የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ለጤናም የሚበጀው ይኸው ነው።

«የጠገበ ውሻ አይጮኽም» የሚሉም አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው? የተራበ ውሻ በአንድ አጥንት ለሌባ ይሸጣል። አጥር ዘሎ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል፤ እዚያ ከባዘኑ ውሾች ጋር ይናከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሠፈራችን እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለው፣ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ለብዙ ዓመታት የዚህን በሽታ ክትባት ያመርት ነበር፤ ቅርባችን ስለሆነ በሽታው ቀልድ እንዳልሆነ እናውቃለን። ምግቡ ክትባቱን አይተካም፤ ክትባቱ በየዓመቱ ነው።

እውነት ያለበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ሆዱ ጢም ያለ ውሻ ወዲያው መሮጥ የለበትም። ጨጓራው ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። አዳኝ ውሻ ዋናውን ምግብ የሚበላው ከአደን ተመልሶ ሲያርፍ ነው። የእኛም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ከዘቡ አርፎ ሲተኛ ዋናውን ይብላ። ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ጥቂት ይጨመርለት። ውሃ ሁልጊዜ ይቅረብለት።

የፋሲካ ዕለት በግ ስናርድ ደግሞ እንጠንቀቅ። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ጥሬውን ለውሻ መወርወር አደገኛ ነው። ከከረጢቱ ውስጥ ከኮሶ ወገን የሆነ ጥቃቅን ትል በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፤ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል። ሰው ሆድ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት እያደገ ሄዶ ለቀዶ ሕክምና ይዳርጋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። ደህና የሚመስለውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይፍላ። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ።

ደግሞም 55 ቀን ስብ ያልቀመሰ ውሻ በአንድ ቀን የበግ ሆድ ዕቃ ቢሞላለት ይታመማል። በፋሲካ ዕለት ጥቂት፣ በማግሥቱ ትንሽ ጨመር፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ እያሉ ማድረስ ነው፤ የተረፈው ተቀቅሎ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይለት።