ስለ አንድ የጥንት የውሃ ወፍጮና ስለ ባለ ወፍጮው ቤት
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕንፃ ጥበብ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ግን የመረጥኩት አንድ የእህል ወፍጮና ከጎኑ የተሠራውን የባለ ወፍጮውን መኖሪያ ቤት ነው። የሥራ ቦታ ስለ ሆነ ብቻ ከጥበብ ውጭ ሊቈጠር አይገባውምና።

ይህ ወፍጮ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በሎንዶን ከተማ ምሥራቅ፣ ሊ በሚባለው ወንዝ ላይ ነው። ሰፈሩ «ስሪ ሚልስ»፣ ማለት ሦስቱ ወፍጮዎች ይባላል፤ ዛሬ ቆመው የሚታዩት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከነዚህም አንደኛው «ሀውስ ሚል»፣ ማለት የቤት ወፍጮ ይባላል። ይህን ስም ያገኘው በሁለት መኖሪያ ቤቶች መካከል ስለ ተሠራ ነው። ዳንኤል ቢሰን የተባለ ሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. አሠራው፤ በ1802 እሳት ከጐዳው በኋላም ታድሶ ሥራውን ቀጠለ።

የዚህ ወፍጮ ልዩነት ኃይሉን የሚያገኘው ከባሕር መሙላትና መጕደል መሆኑ ነው። የባሕር ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ይጐድላል። ሙላቱ በቴምዝ ወንዝ በኩል ሽቅብ ወጥቶ እስከ ሊ ወንዝ ይደርሳል። ውሃው ሲሞላ ከወፍጮው በላይ ይጠራቀማል፤ መጕደል ሲጀምር በሮቹ ተዘግተው ያግዱታል። በታች በኩል ያለው ውሃ በበቂ ዝቅ ባለ ጊዜም የታገደው ይለቀቅና ከሕንፃው ሥር ያሉትን አራት ታላላቅ መንኰራኵሮች ከበታቻቸው እየገፋ ያዞራቸዋል።

እኛ በየቤታችን የምናውቀው ወፍጮ መጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመግፋት ይሠራል። የዚህኛው ድንጋዮች ግን ክብ ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጡና የታችኛው ሳይነቃነቅ የላይኛው ይዞራል። አራቱ መንኰራኵሮች እንዲህ ያሉ ዐሥራ ሁለት ጥንድ ድንጋዮችን ያዞሩ ነበር።

አሁን ሕንፃውን እንመልከት። ባለ አምስት ደርብ ሲሆን፣ አጥንቱ እንጨት፣ የፊቱ ግድግዳ ጡብ ነው። ቁመቱ ለጌጥ የተሰጠ አይደለም። እህሉ በጆንያ ሆኖ ወደ ላይኛው ደርብ ይሳባል፤ ከዚያም በገዛ ክብደቱ ወደ ድንጋዮቹ ይወርዳል፤ ከተፈጨ በኋላም እንደ ገና ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚደክመው አንድ ጊዜ ሲያወጣ ነው። እንጨቱም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ድንጋዮቹ ሲዞሩ የሚነሣውን መንቀጥቀጥ እንጨት ሳይሰነጠቅ ይችለዋል።

ቤቱስ ከወፍጮው ጋር ለምን ተያያዘ? ምክንያቱ ያው ውሃው ነው። የባሕር ሙላት በየቀኑ ወደ ኀምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ከቀኑ በስድስት ሰዓት የሞላ ውሃ፣ ነገ ወደ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ በምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ይሞላል። እንግዲህ ባለ ወፍጮው የሚነሣውና የሚተኛው ፀሐይን አይቶ ሳይሆን ውሃውን አይቶ ነበር። በእኩለ ሌሊት ለሚጠራው ሥራ ከሩቅ ሰፈር መምጣት አይችልም። የሥራው ጠባይ ቤቱንና ወፍጮውን በአንድ ረድፍ አቆማቸው ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940፣ በሰፈሩ ላይ በወደቀው ቦምብ የባለ ወፍጮው ቤት ተጐዳ፤ ወፍጮውም በ1941 ሥራውን አቆመ። ቤቱ ከጊዜ በኋላ ጨርሶ ጠፋ፤ ወፍጮውም ስሙን ይዞ ብቻውን ቀረ። በመጨረሻ በ1995 ቤቱ እንደ ገና ተሠራ፤ ፊቱ የቀድሞውን መልክ እንዲይዝ ተደርጎ ውስጡ ለአዲስ አገልግሎት ተዘጋጀ።

«ወፍጮው ካልፈጨ ቤቱን መልሶ መሥራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ለብዙ ነገር ያስፈልጋልና። ነገር ግን መንኰራኵሩንና ድንጋዩን ብቻ የሚያይ ጐብኚ መሣሪያውን እንጂ ሰውየውን አያይም። ቤቱ ከጎኑ ሲቆም ግን በሌሊት መብራት ይዞ ወደ ሥራው የሚሻገረው ሰው ይታሰበዋል። አንድ ጎን የጐደለው ሕንፃ፣ ገጽ እንደ ተቀደደበት መጽሐፍ ታሪኩ ይቋረጣል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን፣ የከተማ ሹም የሚሆን አይጠፋም። ያረጀ ቤት ወይም ያረጀ መሣሪያ ይፍረስ ሲባል የሚፈርደውም ያ ሰው ነው። ሁሉም ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። ከመፍረሱ በፊት ግን ግድግዳው ለምን እዚያ ቆመ፣ በሩ ለምን ወደዚያ ዞረ፣ ማንስ ይኖርበት ነበር ብሎ የሚያውቁትን አረጋውያን መጠየቅ ግዴታው ነው። ሳይጠየቅ የፈረሰውን፣ ገንዘብ ቢገኝ እንኳ፣ መልኩን እንጂ ዕውቀቱን መልሶ ማቆም አይቻልም።